ሳንነጋገር የተፈተንንበት ቦይለር

ከሱሉልታ እስከ ሰበታ የእንፋሎት ነገር የሚያውቅ ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ዕድሜው የደረሰ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ቤት ይጠቁማችኋል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ለጉራ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የበለጠ የምለው ነበረኝ። ዛሬ ጉልበቴ ቢከዳኝም ጆሮዬ አልከዳኝም፤ አንድ ፓምፕ ከግድግዳ ጀርባ ሲያቃስት ሰምቼ ምኑ እንደታመመ እናገራለሁ። የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ሱሉልታ ከአንድ መሪጌታ ዘንድ ነው፤ እሱንም ሳልጨርስ ወጣሁ። አማርኛና ኦሮምኛ ከእናትና ከአባቴ አገኘሁ፤ ጣሊያንኛን ከስድብ፣ እንግሊዝኛን ከብረት ላይ ተማርኩ። በጉልበትም ቢሆን በዚያ ዘመን የሚስተካከለኝ አልነበረም። የደረቀ ድርቆሽ በመንሽ እያነሣሁ መኪና ላይ ስወረውር ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሰውም እንደዚያው አነሣ ነበር።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ ሰበታ ውስጥ በነበረ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ያለው አንድ ቦይለር ብቻ ነበር። ባሕር ዛፍ እየበላ እንፋሎት ያወጣል፤ እንፋሎቱ የመብራቱን ዲናሞ ያዞራል፣ የማቅለሚያውን ገንዳ ያፈላል። ቦይለሩ ከቆመ ፋብሪካው ይጨልማል፤ ሸማኔው፣ ቀላሚው፣ ጸሐፊው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። እኔ የገባሁት እንጨት ግቢ ውስጥ በተሸካሚነት ነው። አንድ ቀን እሳት የሚጨምረው ሰው በትኩሳት ሲወድቅ ማንም ሳይጠራኝ ቦታውን ያዝኩ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስለቅቀኝ አልተገኘም።

የቦይለሩ ካቦ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ የቀረ ጣሊያናዊ ነበር። ትንሽ ሰው ነው፤ እጁ ግን እንደ መዶሻ ነው። የሚያስተምረን በቺንጋ ነበር። ቺንጋ ማለት የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረው የቆዳ ቀበቶ ነው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው መለዋወጫ ጫፍ ላይ ክንድ የሚያህል ቆርጦ፣ መጋጠሚያ ብረቱን ሳያወጣ አለንጋ አደረገው። ይጠይቃል፤ ከተሳሳትክ ያሳርፍብሃል፤ ከመለስክ ደግሞ ሌላ ይጠይቃል። እንፋሎት ለምን እንደሚገፋ፣ ብረት መቼ እንደሚለሰልስ፣ ማስተንፈሻው ቫልቭ ለምን እንደማይታሰር የተማርኩት እንዲህ ነው። ሌላው ሰው ትምህርቱን ደብተር ላይ ይጽፋል፤ የእኔ ጀርባዬ ላይ አለ፤ ሸሚዜን ካወለቅኩ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ጣሊያናዊው አርጅቶ አገሩ ሲገባ ቺንጋው ለእኛ ቀረ። እኛ የምለው እኔንና የፓምፑን ሰው ነው። እኔ እሳቱ ላይ ነኝ፤ እሱ ውሃው ላይ። የቡራዩ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሱ ከቁመቱ የሚረዝም። እኔን «ድርቆሽ» ይለኛል፣ ሱሉልታ በድርቆሽ ስለሚታወቅ። እኔ እሱን «ድንጋይ» እለዋለሁ፣ ቡራዩ ድንጋይ ስለሚፈለጥ። በዚያ ሰሞን የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጠርቶን፣ ኢንሹራንሱ የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ቦይለሩ ላይ እንዳይቆም መከልከሉን ነገረን። ከአዲስ አበባ ፈታኝ ይመጣል፤ ሁለታችንም እንፈተናለን፤ ከሚያልፉት አንዱ ካቦ ይሆናል፤ የወደቀ እንጨት ግቢ ይመለሳል።

ወደ እንጨት ግቢ! ለዚህች እውቀት ቆዳዬን የከፈልኩ ሰው፣ ተመልሼ ለሌላው ግንድ ላቀብል? ከዚያ እቶኑ ውስጥ ብገባ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ተዘጋጀን። ቀን ቀን በምሳ ሰዓት ሸማኔዎቹ ሲወጡ፣ እሳቱን አርግበን እንጠያየቃለን። ደንቡ የጣሊያናዊው ደንብ ነው፤ የተሳሳተ ይገረፋል። የድሮዋ ቺንጋ ከጀርባችን ላይ አልቃ ስለተበጣጠሰች ከመለዋወጫው ላይ ሌላ ቆረጥን፤ እሷም ስታልቅ ሌላ። እንጨት የምታቀብለን አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ እትዬ እንላታለን። ስታየን እያማተበች «እናንተ ልትፈተኑ ነው ወይስ ልትታረዱ?» ትለን ነበር።

አንድ ቀን ተራው የእኔ ሆነና ጠየቅኩት።

«መስታወቱ ላይ ውሃ ጠፋ። መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

መስታወት የምለው ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ የት እንደደረሰ የሚያሳየውን የብርጭቆ ቱቦ ነው።

«ውሃ እሰጠዋለሁ» አለ።

ጀርባው ላይ አሳረፍኩበት። «እሳቱን ታወጣለህ!»

«የጠማው ሰው ፊት ውሃ ነው የሚቀርበው ወይስ ከፀሐይ ተነሥ ይባላል?»

«ሰው ሲጠማው አይፈነዳማ!»

ደገምኩለት። ነገሩን አስረዳሁትም፤ ቀጥቃጭ የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነክር እንዴት እንደሚጮህ አይተሃል አልኩት፤ ውሃ ያጣ ቦይለር ሆዱ እንደዚያ ይግላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደርስበት ውሃው ባንዴ እንፋሎት ይሆናል፣ ብረቱም አይችለውም፤ ፋብሪካው ከነጣሪያው አዋሽ ማዶ ይወድቃል።

«አንተ ድርቆሽ ስለምትፈራ ነው» አለኝ እየሳቀ። «ድርቆሽ እሳት ሲያይ ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን ውሃ እሰጠዋለሁ። ድገመኛ፣ ምታ!»

ምታ ያለኝን ሰው አሳፍሬ አላውቅም። ይቺኛዋ ግን ፊቱ ላይ አረፈች። መጋጠሚያው ብረት ቅንድቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቀው፤ ደሙ ዐይኑን ሞላው። እሱም ዐይኑን ሳይጠርግ የእሳት መጎተቻውን ብረት አንሥቶ ጭንቅላቴን አለኝ። ጉልበቴ ታጠፈ እንጂ አልወደቅኩም። ጉሮሮውን ይዤ ከጡቡ ግድግዳ ጋር አጣበቅኩት፤ እሱ በጉልበቱ ሆዴን ይለኛል፣ እኔ ጭንቅላቱን ከጡቡ አላትማለሁ። ደሜ አፌ ውስጥ ይገባል፣ ደሙ እጄ ላይ ይሞቃል። እትዬ ከበሩ ላይ ግንድ አንሥታ ጀርባዬን ባትለኝ ኖሮ አንዳችንም በሕይወት አንወጣም ነበር።

«ተው! ተው! ገዳይ ሁላ!» እያለች ሁለተኛውን ግንድ ለእሱ ሰጠችው።

በማግሥቱ አጎቶቹ ከቡራዩ ዱላ ይዘው የፋብሪካው በር ላይ ቆሙ። የእኔም አባት ከሱሉልታ ወንድሞቹን ይዞ መጣ። ዱላ ሊማዘዙ ሲሉ ከቡራዩዎቹ ጋር የመጡ አንድ ሽማግሌ መሀል ገቡ። ሁሉም ኦቦ ይላቸዋል፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ግን የማይታለፍ። በኦሮምኛ ተናግረው ደግመው ለተሰበሰበው ሠራተኛ በአማርኛ አሉት፤

«ደም ፈሷል። ቁስል ሳይደርቅ እርቅ አይቀመጥም። እስከዚያ ከአንድ ዕቃ እንዳትጠጡ። ቃል እንዳትለዋወጡ።»

«ሰማህ?» አለኝ አባቴ። «እርቅ ሳይወርድ አፍህን ከከፈትክለት ልጄ አይደለህም።»

የዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ያን ጊዜ ግን ደም ያለበትን ሰው ማናገር ደሙን መናቅ ነው፤ ንቀቱ ሌላ ደም ይጠራል። ሁለታችንም አክብረን ያዝነው። ሥራ አስኪያጁ ግን ይህን የሚረዳ ሰው አልነበረም፤ ቁስላችን ታሽጎ በአንድ ፈረቃ፣ በአንድ ቦይለር መለሰን። ፈተናው ደግሞ ከእርቁ በፊት ደረሰ።

አሁን የቦይለሩን አቀማመጥ ልብ በሉ። እኔ ከፊት እቶኑ አፍ ላይ ነኝ። ፓምፑና መስታወቱ ከኋላ በኩል ናቸው። ውሃው የት እንደደረሰ የማውቀው እሱ ሲጮህልኝ ብቻ ነበር። እሱ ካልጮኸ እኔ ዕውር ነኝ። መላው እትዬ ሆነች።

«እትዬ፣ ለዚያ ሰው ውሃው የት ደረሰ በዪልኝ።»

«ግማሽ ነው፣ ዐይኑ ካላየ ይምጣና ይዳብሰው በዪው» ይላል እሱ ከኋላ፤ እኔ እየሰማሁት።

«እሱን ውሃውን ጠብቅ፣ ምላስህን አርፈህ ያዝ በዪው።»

«እኔን ስልክ አደረጋችሁኝ!» ትላለች ግንዷን እየጣለች። «ሁለታችሁንም ከዚያ እቶን ብጨምራችሁ ለአንድ ቀን ማገዶ ትሆኑ ነበር።»

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኙ ካኪ ካፖርት የለበሱ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። በቃል ጠየቁኝ፤ ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ እየመለስኩ አስቸገርኳቸው። «ቀስ በል፣ ሳትሰማ ነው የምትመልሰው» አሉኝ። ጥያቄውን በግማሽ የሚያውቅ ሰው ምን አጥፍቶ ቀስ ይላል? እሱንም ጠየቁት፤ ያቺን የጠፋ ውሃ ጥያቄ ግን ሳያነሡ አለፉ። ከዚያ ወደ ሥራው ገባን። ዲናሞው ሙሉውን ጭነት ተሸክሞ እንፋሎቱ ሳይወርድ እንድናቆየው አዘዙ።

«የማይፈተን ሰው ይውጣ» አሉ።

እትዬ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ስልካችን ተቆረጠ።

እሳቱን እያጋልኩ ሳለሁ ከኋላ በኩል እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር ሰማሁ። የፓምፑ ቺንጋ ተበጥሶ ነበር። ሲበጠስ ጫፉ ተወርውሮ የቡራዩን ሰው ትከሻ ሸሚዙንም ሥጋውንም ገፍፎ በጉልበቱ አስቀምጦታል። ተነሥቶ ከግድግዳው ላይ መለዋወጫውን አወረደ። ሲጎትተው አልደረሰም። ለአለንጋ እየቆረጥነው በትምህርታችን ልክ አጥሮ ነበር። እኔ ይህን አላየሁም፤ ተበጠሰ፣ ይቀይረዋል ብዬ እንጨቴን እጨምራለሁ፤ ፈታኙ ሙሉ ኃይል ብለዋላ። ቦይለሩ ይጠጣል፣ የሚያጠጣው የለም።

ኋላ እርቁ ላይ ራሱ እንደተናገረው፣ መስታወቱን ሲያይ ውሃው ወርዶ ወርዶ ጠፋ። ወደ ፈታኙ ዞረ።

«ጌታዬ፣ ለዚያ ሰው ውሃ ጠፍቷል ይበሉልኝ።»

«ምን? ራስህ አትነግረውም?»

«አልችልም ጌታዬ። ደም አለብን።»

ፈታኙ ቺንጋው ጭንቅላቱን የመታው መሰላቸው፤ ትከሻውን ሊያዩለት ጎንበስ አሉ። እሱ ግን አምልጧቸው በእጅ ወደሚሠራው ፓምፕ ሮጠ። ያ ድንጋይ! ያን ሁሉ ገርፌው አሁንም ውሃ ሊሰጠው!

ያዳነችን ጆሮዬ ናት። የእጅ ፓምፑ እጀታ ዘይት ስለማያውቅ ሲነካ ይንጫጫል። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባኝ። መጎተቻዬን እንደያዝኩ ዞሬ መጣሁ፤ መስታወቱ ባዶ፣ እሱ በእጀታው ላይ ተንጠልጥሎ። ተው ልለው አፌን ከፈትኩ። ቃል አልወጣም፤ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ። ስለዚህ በብረቱ የእጁን አንጓ አልኩት። ሲሰበር ሰማሁት። በሌላው እጁ እጀታውን ያዘ። እሱንም ከላዩ ላይ ላላቅቅ ስል በግንባሩ አፌን መታኝ፤ የፊት ጥርሴ ምላሴ ላይ ተቀመጠ። ብረቱ ከጎናችን እያቃሰተ፣ ሙቀቱ ቅንድባችንን እያቃጠለ፣ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ ተያዝን። በመጨረሻ በቀበቶው አንሥቼ በሩን በእሱ ሰብሬ፣ እትዬ የቆለለችው እንጨት ላይ ወረወርኩት። እንደ ድርቆሽ አልኳችሁ አይደል።

ፈታኙ መስታወቱን አይተው ስለነበር የእንፋሎቱን ዋና ቫልቭ ዘግተው ዲናሞውን አቁመዋል። ቤቱ ጨለመ፤ የሚያበራው እቶኑ ብቻ ነው።

«እሳቱን!» ብለው ጮኹብኝ።

የፍሙን ክምር እየጎተትኩ ወለሉ ላይ አፈሰስኩት። ግንዶቹ እየነደዱ እግሬ ሥር ይንከባለላሉ፤ የግራ ክንዴ ቆዳ እንደ እጅጌ ተሰበሰበ፤ ሽታዬን እኔው አሸተትኩት። ፈታኙ አካፋ ይዘው አመድ ይደፉበታል፤ የካፖርታቸው ጫፍ ሲነድ በእጃቸው አጠፉት። ሰውየው ልብ ነበራቸው፤ ይህን አልክድም። የመጨረሻውን ፍም ካወጣሁ በኋላ ሮጠን ከእንጨቱ ክምር ጀርባ ተጋደምን። ቦይለሩ ውስጡ የሚሞት በሬ እንዳለ እያጓራ ቆየ። ከዚያ ዝም አለ። አልፈነዳም።

ፈታኙ ቆመው አቧራቸውን አራገፉ።

«ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ።

በጥርሴ ቀዳዳ ደም እየተፋሁ «እሳቱን አወጣለሁ፣ ውሃ አልሰጥም» አልኳቸው።

«ልክ ነው። ግን አላለፍክም።»

«ለምን ጌታዬ? እኔ አይደለሁም እንዴ ያዳንኩዎት?»

«ውሃው መጥፋቱን አብሮህ ያለው ሰው ሲያውቅ አንተ አታውቅም ነበር። በማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች እጅ ቦይለር አልተውም። ታርቃችሁ ጥሩኝ። ካልሆነ ሁለታችሁም እንጨት ግቢ ናችሁ።»

አሁን ደግሞ አንጓ ተሰብሯል፣ ጥርስ ወልቋል፤ አዲስ ደም ነው። ሽማግሌዎቹ ቁስሉ ይድረቅ ካሉ ፈተናው አለቀለት። አባቴን ይዤ ራሴ ቡራዩ ወረድኩ። ሽማግሌዎቹ ወንዝ ዳር ዋርካ ሥር ተቀመጡ። የቡራዩ ሰው አንዱ አጎት ገና ሲያየኝ ዱላውን ወረወረብኝ፤ ጆሮዬን ላጥ አድርጎ አለፈ። አንሥቼ መለስኩለት፤ በእጁ አቀበልኩት እንጂ አልወረወርኩም፤ ይህ ትዕግሥት ለእኔ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ቆሜ የቦይለርን ነገር ለሽማግሌዎቹ አስረዳሁ። እሳትና ውሃው በብረት ተለይተው እንደሚኖሩ፣ ሰዎቹ ግን መለየት እንደማይችሉ ነገርኳቸው።

«ኦቦ፣ እኛ ዝም ካልን ሰበታ ትፈነዳለች» አልኳቸው።

«ቢነጋገሩ ይሰዳደባሉ» አላቸው አጎቱ።

«ይሰዳደቡ» አሉ ኦቦ። «የሚሳደብ ሰው ይናገራል።»

ቁስሉ ሳይደርቅ ታረቅን። በግ ታረደ፣ እጃችንን በአንድ ውሃ ታጠብን፣ ከአንድ ዕቃ ጠጣን። ፍርዱም እንዲህ ሆነ፤ ከዛሬ ጀምሮ በሥራ ላይ ዝም ያለ ሰው፣ እንደመታ ተቆጥሮ ካሳ ይከፍላል። እንዲህ ያለ ፍርድ ከዚያ በፊት ተሰምቶ አይታወቅም። ያስፈረድኩት እኔ ነኝ።

ፈታኙ ሲመለሱ ቦይለሩ ተፈትሾ፣ አዲስ ቺንጋ ገብቶ ነበር። የቡራዩ ሰው አንጓው በእንጨት ታስሮ መስታወቱ ሥር ቆመ።

«ውሃ ግማሽ፣ አንተ ድርቆሽ!»

«ሰማሁ፣ ድንጋይ!»

«ወረደ! ጆሮህ በድርቆሽ ተደፍኗል?»

«ፓምፑን አስነሣው እንግዲህ፣ ቀጫጫ!»

ፈታኙ መሀል ቆመው ግራና ቀኝ ያያሉ። ሲበቃቸው ያቺን ጥያቄ ለእሱ አነሡለት። ውሃ ጠፋ፣ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?

የተሰነጠቀ ቅንድቡን አከከ። «መጀመሪያ ይህን ውሻ እጠራዋለሁ» አለ ወደ እኔ እያመለከተ። «እሱ እሳቱን ያወጣል። ውሃ አልሰጥም።»

«ከመጽሐፉ የተሻለ መልስ ነው» አሉ ፈታኙ። ሁለታችንንም አሳለፉን። ሥራ አስኪያጁ ማን ካቦ ይሁን ብሎ ሲጠይቃቸው «እሳቱን ያወጣው» አሉት። የቡራዩ ሰው ካሳ ፈርቶ ዝም አላለም፤ እስከ እናቴ ድረስ ሰደበኝ።

እንግዲህ ያደረግኩትን ልዘርዝርና ላብቃ።

— የምስክር ወረቀቱን አገኘሁ። በመስታወት አስገብቼ፣ እንግዳ ሲገባ ዐይኑ መጀመሪያ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

— ንጉሡ እስኪወርዱ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ በእኔ እጅ የፈነዳ ቦይለር የለም።

— እንጨት ግቢ አልተመለስኩም።

— እትዬን ከስልክነት ገላገልኳት። ስትሰናበት «ጸጥታ ናፈቀኝ» አለችኝ።

— መለዋወጫውን ቺንጋ የሚቆርጥ ሰው እጁን እንደምቆርጠው ነገርኩ፤ ማንም አልሞከረም። ለማስተማሪያ ከመኪና ጎማ ሌላ አለንጋ ሠራሁ።

— በዚያ አለንጋ ያስተማርኳቸው ሰዎች ሁሉ ፈተናቸውን አልፈዋል፤ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ አንዳንዶቹም ጀርባቸውን ያካሉ።

— የቡራዩን ድንጋይ ራስ ፈልጬ ትክክለኛውን መልስ አስገባሁበት። ጡረታ እስክንወጣ ድረስ፣ ውሃው የት እንደደረሰ ሳይጮህልኝ የዋለበት ቀን የለም።